ችፌ፣ ሶሪያሲስ ወይም ለምጽ እያለ የጡት ካንሰር ጨረር መታከም፦ ቆዳን የማዘጋጀትና የመጠበቅ መመሪያ

የጡት ካንሰር ጨረር የታዘዘላት ሴት ቀድሞውኑ የቆዳ ሕመም ካለባት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ቆዳዬ ይችለዋል ወይ?» ብላ ነው። በአብዛኛው ይችለዋል። ችፌ፣ ሶሪያሲስ፣ ለምጽ፣ ኬሎይድ (አብጦ የሚያድግ ጠባሳ) እና የፈንገስ ሕመሞች ጨረር አይከለክሉም። ለውጥ የሚያመጣው ቆዳው ሕክምናው በሚጀመርበት ቀን ያለበት ሁኔታ ነው። የተቆጣ፣ የተሰነጠቀ ወይም መግል የያዘ ቆዳ ይዞ መጀመርና ያው ሕመም ረግቦ መጀመር ውጤታቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሰፊው ክፍል ስለ ዝግጅቱ ነው።

በመጀመሪያ ጨረሩ ቆዳ ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ይጠቅማል። ለጡት በብዛት የሚውለው የ6 ሜጋቮልት ጨረር ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው ከቆዳው ወለል 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ ስለሆነ የላይኛው ቆዳ በከፊል ይተርፋል። ይህ ጥበቃ ግን በሁለት ቦታ ይጠፋል፤ ከጡት ሥር ባለው እጥፋትና በብብት። እዚያ ቆዳ በቆዳ ላይ ስለሚተኛ ላይ ያለው ለታችኛው እንደ መሸፈኛ ሆኖ መጠኑን ይጨምርበታል። ላብና መፋተግም አለ። ችፌም፣ ፈንገስም፣ በእጥፋት የሚወጣው የሶሪያሲስ ዓይነትም የሚወዱት እነዚህኑ ቦታዎች ነው፤ ችግሩ እዚያ የሚደራረበው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ሕመሙን በስሙ ለይቶ መናገር

«የቆዳ አለርጂ አለብኝ» ማለት ለጨረር ሐኪሙ ብዙ አይነግረውም። የተመረመረ ስም ካለው ስሙን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣበትን ጊዜና በጡት፣ በብብትና በደረት ላይ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ ይንገሩ። የሚጠቀሙትን ቅባትና ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። ጡቱን፣ የጡቱን ሥርና ብብቱን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ «ይህ ከጨረሩ በፊት ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የሚመልሰው ፎቶው ነው።

ሕመሞቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። በችፌ የቆዳው አጥር ከመነሻው ያፈሳል፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ባክቴሪያም በብዛት ይሰፍርበታል። ሶሪያሲስ ደግሞ ቆዳ በተጎዳበት ቦታ አዲስ ሆኖ የመውጣት ጠባይ አለው፤ ጨረሩም እንደ ጉዳት ይቆጠራል። ነገር ግን በጨረር ክልል ውስጥ የነበረ የሶሪያሲስ ቅርፊት ጭራሽ ሲጠፋ የታየበት ጊዜም ስላለ ከወዲሁ መፍራት አያስፈልግም። ለምጽ ያለባቸው በጨረሩ ክልል አዲስ ነጭ ቦታ ሊያዩ ይችላሉ። የመልክ ጉዳይ እንጂ አደጋ የለውም። ኬሎይድ የሚያበቅል ቆዳም ጨረር አይከለክልም፤ እንዲያውም ኬሎይድ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ ጨረር የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ቆም ተብሎ መታሰብ ያለበት በሌሎቹ ነው። ስክሌሮደርማ (ቆዳን የሚያጠጥር ሕመም) እና በንቃት ላይ ያለ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት ሕመም) ጨረር ከፍተኛ የቆዳና የሥጋ መጠጠር እንዲያመጣ ሊያደርጉ ይችላሉ። ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባለ ካንሰር ጡቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ብዙ ጊዜ ጨረር አያስፈልግም፣ ዕጢው ብቻ ከወጣ ግን ያስፈልጋል። ምርጫው ያለው እዚያ ላይ ነው። ፔምፊገስና ፔምፊጎይድ የሚባሉት ውሃ የሚቋጥሩ ሕመሞች በጨረር ሊነሡ ስለሚችሉ የቆዳ ሐኪም አብሮ ይከታተል። አታክሲያ ቴላንጂኤክቴዥያ የሚባለው የዘር ሕመም ጨረርን በጥብቅ ይከለክላል፤ በቲፒ53 ዘረ መል ለውጥ የሚመጣው የሊ ፍራውሜኒ ችግርም በጨረሩ ሰበብ ሌላ ካንሰር እንዳይመጣ ስለሚሰጋ፣ አማራጭ ካለ ጨረር ባይሰጥ ይመረጣል።

ደረጃ 2፦ መድኃኒቶችን መፈተሽ

ከሁሉ በፊት የሚፈተሸው ሜቶትሬክሴት ነው። ለሶሪያሲስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጠው ይህ መድኃኒት የጨረሩን የቆዳ ጉዳት ሊያባብስ ይችላል፤ ጨረሩ አልቆ ቆዳው ከዳነ በኋላ ሲወሰድም በጨረሩ ክልል ላይ ብቻ ድጋሚ ቁጣ ሊቀሰቅስ ይችላል። የሚቆምበትንና የሚመለስበትን ቀን የጨረር ሐኪሙና የቆዳ ሐኪሙ ተነጋግረው ይወስኑ። ሶራለን በሚባል ቆዳን ለብርሃን ስሱ በሚያደርግ መድኃኒትና በአልትራቫዮሌት የሚሰጠው የብርሃን ሕክምና በጡቱ ላይ መቋረጥ አለበት።

ከቅባቶች ውስጥ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ታር፣ ዲትራኖልና የሬቲኖይድ ቅባቶች ጤነኛውንም ቆዳ ስለሚቆጠቁጡ በጨረሩ ክልል ላይ አይቀቡም፤ በክርንና በጉልበት ላይ ግን መቀጠል ይቻላል። በአፍ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቆምም። የባዮሎጂክ መርፌ (ሶሪያሲስን የሚቀሰቅሰውን የሰውነት መከላከያ የሚያረግብ) የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ ከካንሰሩ ዓይነትና ከኬሞቴራፒው ጋር የተያያዘ ስለሆነ በሐኪሞቹ ስምምነት ብቻ ይወሰን። ከእነዚህ አንዱንም በራስዎ አያቁሙ፤ በድንገት የቆመ መድኃኒት ሶሪያሲስን በመላ ሰውነት ሊያስነሣ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ጨረሩ ራሱ ይዘገያል።

ደረጃ 3፦ ቆዳውን ማርገብ

በቀዶ ሕክምናው ወይም በኬሞቴራፒው መጨረሻና በጨረሩ መጀመሪያ መካከል አብዛኛውን ጊዜ የሳምንታት ክፍተት አለ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ሊባክን የማይገባው ጊዜ ግን ይኸው ነው።

ችፌውና ሶሪያሲሱ በታዘዘው የስቴሮይድ ቅባት ይታከሙ። መጠኑ በጣት ጫፍ ይለካል፦ ከቱቦው በአመልካች ጣት ላይ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ጣቶቹን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ስፋት ይሸፍናል። የሚቀባውን ቦታ በመዳፍዎ ለክተው አራት መዳፍ ከሆነ ሁለት የጣት ጫፍ ይበቃል። ሰዎች የሚሳሳቱት አብዝተው በመቀባት ይመስላል፤ በተግባር የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ስቴሮይድ ፈርተው ከሚገባው በታች ይቀባሉ፣ ሕመሙም ሳይረግብ ጨረሩ ይደርሳል።

ከጡት ሥር ያለውን እጥፋት ገልጠው ይዩ። የቀላ ወይም የጠቆረ፣ የራሰና የሚያሳክክ ከሆነ፣ ዙሪያውንም ጥቃቅን ፍሬዎች ከተበተኑበት ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። 1 በመቶ ክሎትሪማዞል በቀን ሁለት ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል፤ በሳምንቱ ስለጠፋ ማቆም ሕመሙ ልክ በጨረሩ አጋማሽ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ከቅባቱ እኩል የሚረዳው ማድረቅ ነው፤ ከታጠቡ በኋላ እጥፋቱን በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁ፣ ስስ የጥጥ ጨርቅም በመካከሉ ያስገቡ። በደረት ላይ ቋቁቻ ወይም ጭርት ካለም በዚህ ጊዜ ይታከም። በብብት ብጉንጅ የሚደጋግማቸውና ፈሳሽ የሚወጣበት ቀዳዳ ያላቸው ሰዎች መግሉ ሳይደርቅ ጨረር መጀመር የለባቸውም።

ስለ ባክቴሪያውም ሐኪምዎን ይጠይቁ። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት አፍንጫ ውስጥ 2 በመቶ ሙፒሮሲን በቀን ሁለት ጊዜ መቀባትና በቀን አንድ ጊዜ በክሎርሄክሲዲን መታጠብ፣ ለ5 ተከታታይ ቀናት፣ በየ2 ሳምንቱ እየተደገመ፣ ከባድ የቆዳ ጉዳትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ችፌ ላለበት ሰው ሐሳቡ ይማርካል፤ ክሎርሄክሲዲን ግን የደረቀ ቆዳን ሊቆጠቁጥ ስለሚችል በደንብ ታጥቦ ወዲያው ማለስለሻ ይቀባ። ዓይንና ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 4፦ የልኬቱ ቀን

ሲቲ ሲሙሌሽን የሚባለው ልኬት ላይ እጅዎን ከራስዎ በላይ አድርገው ይተኛሉ። በዚያ ቀን ቆዳው ንጹሕና ቅባት የሌለው ይሁን። ለቴክኖሎጂስቱ ሦስት ነገር ያንሡ።

አንደኛው ምልክት ነው። በብዙ ማእከላት በመርፌ የሚነቀሱ ጥቃቅን ነጥቦች ይደረጋሉ። ሶሪያሲስና ለምጽ በንቅሳቱ ነጥብ ላይ ሊወጡ ይችላሉ፣ ኬሎይድ የሚያበቅል ቆዳም ነጥቧን ሊያሳብጣት ይችላል። በጠቋሚ ቀለም ምልክት አድርጎ ላዩን በግልጽ ፊልም መሸፈን ወይም የቆዳውን ገጽ በካሜራ የሚከታተል መሣሪያ ካለ ያለ ንቅሳት መሥራት ይቻላል። ማጣበቂያ የሚያስቆጣዎት ከሆነም ያኔውኑ ይናገሩ።

ሁለተኛው እጥፋቱ ነው። ጡቱ ትልቅና ወደታች የተንጠለጠለ ከሆነ በሆድ ተኝቶ መታከም እጥፋቱን ይከፍተዋል። ሊምፍ ዕጢዎችም የሚታከሙ ከሆነ ግን ይህ አቀማመጥ ብዙ ጊዜ አይመችም፤ ያኔ ጡቱን የሚደግፍ ልዩ መያዣ ይታሰባል።

ሦስተኛው ሕመሙ ያለበት ቦታ ራሱ ነው። የሶሪያሲሱ ወይም የችፌው ዳር በስካኑ ላይ በሚታይ ሽቦ ቢከበብ ዕቅድ የሚሠሩት ሰዎች ከፍተኛ መጠን እዚያ እንዳያርፍ ማድረግ ይችላሉ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ካልተጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ አይደረግም።

ደረጃ 5፦ ስለ መጠኑ መጠየቅ ያለበት

ለረጅም ዘመን የተለመደው 50 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ25 ቀን፣ በ5 ሳምንት ነበር። አሁን በሰፊው የሚሰጠው 40 ግሬይ በ15 ቀን፣ በ3 ሳምንት ሲሆን የቆዳ ጉዳቱም ያንሳል። ለተመረጡ ሴቶች 26 ግሬይ በ5 ቀን የሚሰጥበትም አሠራር አለ። በዚህኛው ቆዳው የሚቆጣው ሕክምናው ካለቀ በኋላ፣ እርስዎ ቤት ገብተው ሳለ መሆኑን ይወቁ፤ የቆዳ ሕመም ላለበት ሰው የክትትል ቀጠሮ ከመጀመሪያው ይያዝ።

ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ። መጠኑ በጡቱ ውስጥ እኩል እንዲሰራጭ በትናንሽ ተጨማሪ ክልሎች ወይም የጨረሩን ጥንካሬ ከቦታ ቦታ በሚለዋውጠው አይኤምአርቲ በሚባል ዘዴ ይታቀድልኛል ወይ? ከታዘዘው መጠን 107 በመቶ የሚያልፍ ትኩስ ቦታ በእጥፋቱ ላይ ካለ የሚላጠው መጀመሪያ እዚያ ነው። ቀጥሎ፣ ቦለስ የሚባለው ቆዳ ላይ የሚነጠፍ ንጣፍ ያስፈልገኛል ወይ? ቦለስ ሆን ተብሎ የቆዳውን መጠን ለመጨመር የሚውል ስለሆነ ካንሰሩ ቆዳውን ካልነካ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ የየቀኑ አያያዝ

ከመጀመሪያው የጨረር ቀን ይጀመራል። ቆዳው እስኪቆጣ መጠበቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠቡ። «ጨረር ላይ እያሉ ውሃ አይነካም» የሚለው ያረጀ ምክር ነው፤ አለመታጠብ ችፌውንና ፈንገሱን ያባብሳል። አይፈትጉ፤ በፎጣ ነካ ነካ አድርገው ያድርቁ። ከዚያ ሽታ የሌለው ማለስለሻ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ።

ሞሜታሶን 0.1 በመቶ ወይም ተመሳሳይ ጥንካሬ ያለው ስቴሮይድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቀባት የጨረር ቁጣን እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ለችፌና ለሶሪያሲስ ደግሞ ያው መድኃኒት ራሱ ሕክምና ነው። ሐኪሙ እንዳዘዘው በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ይቀባል፣ ጨረሩ ካለቀ በኋላም ለአንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ማለስለሻና ስቴሮይድ በተከታታይ አይደራረቡ፤ በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። በተላጠና በራሰ ቆዳ ላይ ስቴሮይድ አይቀባም።

ከጨረሩ በፊት ለአራት ሰዓት ምንም መቀባት የለበትም የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ስስ ሆኖ የተቀባ ቅባት የቆዳውን መጠን ይህን ያህል አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሚሊ ሜትሮች ውፍረት ያለው ልጥፍ ነው። እንደ ዚንክ ያለ ወፍራም ቅባት ከተጠቀሙ ከመግባትዎ በፊት በቀስታ ይጥረጉት፤ ካልለቀቀ ዘይት ነክቶ ማለስለስ እንጂ መፈተግ አይገባም። ያልተላጠ ብብት ላይ ዲዮድራንት ክልክል አይደለም፤ ካሳከከዎት ግን ይተዉት። እሬት በተለምዶ ቢመከርም በጥናት የጨረር ቁጣን ሲከላከል አልታየም፤ ችፌ ያለበትን ቆዳም ሊያስቆጣ ይችላል።

ሜፒቴል ፊልም የሚባለው ስስ የሲሊኮን ሽፋን ከመጀመሪያው ቀን ከተለጠፈ ከባድ መላጥን ይቀንሳል፤ ጨረሩ በሚሰጥበት ጊዜም አይነሣም። ቅርፊት ባለው ሶሪያሲስ ላይ ግን በደንብ አይጣበቅም፣ ሥሩ ላብ ከተጠራቀመም ፈንገሱን ያመቸዋል። ጠባዩን ለማየት መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ክንድ ላይ ለ2 ቀን ይለጥፉ።

ሽቦ ያለው ጡት መያዣ፣ በምላጭ መላጨት፣ የሙቅ ውሃ ከረጢት፣ በረዶና ክሎሪን ያለው መዋኛ ለጊዜው ይቅሩ።

ደረጃ 7፦ የትኛው የጨረር፣ የትኛው የድሮ ሕመም?

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በ15ም ሆነ በ25 ቀኑ ሕክምና የጨረር ቁጣ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ነው፤ ዳሩም የጨረሩን ክልል ተከትሎ ቀጥ ያለ መስመር ይይዛል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ «ምንም የለም» ተብሎ ይታለፋል። የሚታየው መጥቆር፣ ወደ ሐምራዊ መሄድ ወይም መንጸባረቅ ነው፤ በእጅ ጀርባ ሲነካ ከሌላው ጡት ይሞቃል፣ ያቃጥላል። ለምጽ ካለ ግን መለየቱ ይቀላል፤ መቅላቱ ነጩ ቦታ ላይ ቀድሞ ይታያል።

ሶሪያሲስ ወፍራምና ብርማ ቅርፊት አለው፣ ከጨረሩ ክልል ውጪም ይወጣል። ችፌ ከሕመሙ ይልቅ ማሳከኩ ይብሳል። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት የባክቴሪያ ምልክት ነው። የማጣበቂያውን ቅርጽ ይዞ የሚያሳክክ ካሬ አለርጂ ነው እንጂ ጨረር አይደለም። በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚሄድ፣ ሽፍታው ሳይወጣ አስቀድሞ የሚያቃጥል ሕመም አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ፤ አሲክሎቪር 800 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን የሚታዘዝ ሲሆን በተለይ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይሠራል። የኩላሊት ሕመም ካለ መጠኑ ይስተካከላል። የተወጠረና ውሃ የቋጠረ ፊኛ ከክልሉ አልፎ ሲወጣ ፔምፊጎይድ ሊሆን ይችላልና ናሙና መወሰድ አለበት።

ደረጃ 8፦ ቆዳው ሲላጥ

ደረቅ መላጥ በማለስለሻ ያልፋል። ቆዳው ተገፎ ሲርስ ግን አያያዙ ይለወጣል። ቦታውን በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ያጥቡ፤ የማይጣበቅ የሲሊኮን ንጣፍ ያድርጉበት፣ በላዩ ፈሳሽ የሚመጥ ፋሻ ይሁን፣ ማጣበቂያው ግን ከጨረሩ ክልል ውጪ ይረፍ። በፕላስተር ፋንታ ልል የሆነ የጥጥ ካናቴራ ፋሻውን ሊይዘው ይችላል። ደረቅ የቁስል ጋዝ (ስስ ጨርቅ) በቀጥታ አይደረግ፤ ሲነሣ አዲሱን ቆዳ ይዞ ይመጣል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳያልፍ ይወሰዳል፤ ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች የሆነና የጉበት ሕመም ያለባቸው መጠኑን ሐኪም ይቀንስላቸው።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ መግል፣ በሰዓታት ውስጥ የሚሰፋ መቅላት ወይም መጥቆር ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰውማ ጭራሽ አይዘግይ። በሌላ በኩል ቆዳው ስለተቆጣ ብቻ በራስ ውሳኔ ከጨረሩ መቅረት ጉዳት አለው፤ የተቋረጡ ቀናት ለካንሰሩ ዕድል ይሰጣሉ። ማቋረጥ ካስፈለገ ሐኪሙ ያቋርጠዋል፣ የጠፉትንም ቀናት ያሰላል።

ደረጃ 9፦ ካለቀ በኋላ

የመጨረሻው ቀን የቁጣው ጫፍ አይደለም። ጨረሩ ካለቀ በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት ሊብስ ይችላል፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። መጥቆሩ ወራት ይፈጃል። አያያዙ ቆዳው እስኪድን ሳይቋረጥ ይቀጥል።

የሶሪያሲስና የችፌ ቅባቶች ቀስ በቀስ፣ የሚቆጠቁጡት መጨረሻ ላይ ይመለሳሉ። የብርሃን ሕክምና ሲጀመር ጡቱና ብብቱ ይሸፈኑ። ፀሐይ በሚያገኘው የደረት ክፍል ላይ ቢያንስ ኤስፒኤፍ 30 የሆነ መከላከያ ይቀባ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ የዳነው ጡት እንደገና ቀልቶ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ሊጠጥርና ሊሸማቀቅ ይችላል። ሞርፊያ የሚባል ብርቅ የቆዳ መጠጠር ይሆናል፤ ኢንፌክሽን ይመስላል፣ ግን በአንቲባዮቲክ አይለቅም። ካንሰሩ ራሱ ተመልሶ በቆዳው ሲሰራጭም መልኩ ከዚህ ብዙ አይለይም። ስለዚህ አንድ ዙር አንቲባዮቲክ ያልለወጠው ቅላት ወይም ጥንካሬ ሁለተኛ ዙር አይታዘዝለት፤ ከቆዳው ናሙና ተወስዶ ይመርመር።